ከእህል ብቻ ወደ ሙሉ ምግብ፦ የሎሚና የዶቃ የአመጋገብ ለውጥ ማስታወሻ

ከመጀመሬ በፊት

ሎሚና ዶቃ እኔ ጋ የመጡት አድገው ነው። ሎሚ ሴት፣ ዶቃ ወንድ። ሁለቱም ፊታቸው ሮዝ፣ ሰውነታቸው አረንጓዴ የሆነው በብዙ ቤት የሚታየው ዓይነት ላቭበርድ (ትንሽ የበቀቀን ዘር) ናቸው። ምግብ ብለው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረቅ የእህል ቅይጥ። ሚሌት የሚባል ደቃቅ እህል፣ አጃ፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ የሱፍ አበባ ፍሬ። መጀመሪያ የሚለቅሙት የሱፍ አበባውን ነው። እሱ ሳያልቅ ሌላውን ዞር ብለው አያዩትም።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ሚሌት ቅባቱ ትንሽ ቢሆንም ካልሲየምም ቫይታሚን ኤም የለውም ማለት ይቻላል። እህል ብቻ እየበላ ዓመታት የቆየ ላቭበርድ ይወፍራል፣ ጉበቱ በስብ ይሞላል፣ በቫይታሚን ኤ እጥረት ደግሞ የአፉና የመተንፈሻው ውስጠኛ ሽፋን እየጠነከረ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ሴቷ ላይ የካልሲየም እጥረት ሲጨመርበት እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። ያ ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ነው። በደንብ የተያዘ ላቭበርድ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፤ እኔም ለእነዚህ ሁለቱ የምመኘው ይኸንኑ ነው።

«ዱር ውስጥ የሚበሉት እህል አይደል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ እህል ይበላሉ። ግን የዱሩ እህል ብዙ ዓይነት ነው፣ ገና ሳይደርቅ እሸቱን የሚበሉትም አለ፣ ቅጠል፣ እምቡጥና የዱር ፍሬም አብሮ ይገባል። ሮዝ ፊቶቹ የናሚቢያና የአንጎላ ደረቅ አገር ወፎች ናቸው፤ የበሉትን ሁሉ በበረራ ያቃጥሉታል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው ባለ ጥቁር ክንፉ ዝርያ የጥድና የሾላ ፍሬ ይወዳል። አንገቱ ላይ ጥቁር ቀለበት ያለው የአፍሪካ ደን ላቭበርድ ደግሞ ከዱር ሾላ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ኬጅ ውስጥ ማኖር እጅግ ከባድ ነው። ከዘጠኙ ዝርያዎች አንዱም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አንድ እንጨት ላይ ተቀምጦ የሱፍ አበባ እየፈለፈለ አይኖርም።

የማስበው እንዲህ ነው። በመጨረሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግባቸው ፔሌት (ተመጥኖ ተፈጭቶ እንደ ፍሬ የተጠቀጠቀ የወፍ ምግብ) ይሁን፣ ሩብ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚለው አትክልትና ቅጠል፣ የቀረው ጥቂት እህልና በጣም ትንሽ ፍራፍሬ። እዚያ እስክንደርስ የሚሆነውን እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ሐኪም ዘንድ

ምግብ ከመቀየሬ በፊት ወፍ የምታክም ሐኪም እንድታያቸው ወሰድኳቸው። ይኼን አትዝለሉት። ወፍ ሲታመም፣ ላባ ሲቀይር ወይም እንቁላል ስትይዝ ምግብ የሚቀየርበት ጊዜ አይደለም።

ሐኪሟ የደረት አጥንታቸውን በጣቷ ዳሰሰች። ጤነኛ ወፍ ላይ የአጥንቱ ጠርዝ በስሱ ይታወቃል፣ ግራና ቀኙ ግን ሥጋ አለው። ሎሚ ላይ ጠርዙን ለማግኘት መፈለግ ነበረባት። 58 ግራም። ዶቃ 52። አፋቸውን ከፍታ አየች፤ ነጭ ነገር የለም፣ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ፦ የላቭበርድ ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ረሃብን የሚቋቋምበት ስንቅ የለውም፣ «ሲርበው ይበላዋል» በሚል አስተሳሰብ ማንም ሰው እህሉን ድንገት እንዳይነሳቸው። አንድ ወፍ ከክብደቱ አንድ አስረኛውን ካጣ ለውጡ ይቆማል፣ ወደ ድሮው ምግብ ይመለሳል። ለሎሚ 52 ግራም፣ ለዶቃ 47 ግራም ወረቀት ላይ ጻፍኩና ኬጁ አጠገብ ለጠፍኩ።

ማክሰኞ፣ ሚዛን

በግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። እኔ አጭር መቆሚያ እንጨት ላዩ ላይ አሰርኩና ወደ ዜሮ መለስኩት። ከዚያ ከወዲያ በኩል የሚሌት ዛላ ይዞ መጠበቅ ነው። ዶቃ ወዲያው ወጣ። ሎሚ እንጨቱን ነከሰች፣ ዞረችው፣ ዶቃ ሲበላ ስታይ ግን አላስቻላትም።

የሚመዘኑት ጠዋት ነው፣ የሌሊቱን ትልቅ ኩስ ከጣሉ በኋላና ምንም ሳይቀምሱ። በተለያየ ሰዓት ከመዘናችሁ ቁጥሩ አንድ ሁለት ግራም ይዋዥቃልና ትርጉም ያጣል። 50 ግራም ለሚመዝን ወፍ ሁለት ግራም ቀላል አይደለም።

ዓርብ፣ እብቁ

ይኼን ለብቻው መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ላቭበርድ ያለው ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ዛሬ ዶቃን ቀረብ ብዬ ሲበላ አየሁት። አንዷን የሚሌት ፍሬ በምንቃሩ ጫፍ ያነሳል። በምላሱ ያሽከረክራታል። የታችኛው ምንቃሩ ስለት ቅርፊቷን በስንጥቋ ይከፍተዋል፣ ፍሬዋ ትገባለች፣ ቅርፊቷ ደግሞ እንደ ሙሉ እህል ክብ ሆና ተመልሳ ሳህኑ ላይ ትወድቃለች። ይኼ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ሳህኑን ከላይ ስታዩት ጢም ብሎ የሞላ ነው። አንስታችሁ እፍ ስትሉት ግማሹ ይበናል፣ ከሥሩ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይቀራል።

ሙሉ በሚመስል ሳህን ፊት የሚራብ ወፍ አለ ማለት ነው። ስለዚህ እህል የሚያቀርብ ሰው በየቀኑ እብቁን ይንፋ፣ ወይም ደፍቶ አዲስ ይስጥ። ለእኔ ደግሞ ትርጉሙ ሰፋ ያለ ነው፦ ሳህኑን አይቼ በሉ አልበሉም ማለት አልችልም። የማምነው ሚዛኑንና ኬጁ ወለል ላይ የማነጥፈውን ነጭ ወረቀት ነው። ቅርፊታቸውን አራግፈው ስለሚውጡም አሸዋና ጠጠር ማቅረብ አያስፈልጋቸውም።

የሚቀጥለው ሳምንት፣ ፔሌት

የመረጥኩት ፔሌት ለትንንሽ በቀቀኖች የሚሆን ደቃቅ ነው፣ ቀለምም ስኳርም ያልተጨመረበት። ባለ ቀለሙ ለሰው ዓይን ያምራል። ለእኔ የማይመቸኝ ግን ቀለሙ ኩሳቸው ላይ ስለሚወጣ ነው፤ ኩሱን ማንበብ የግድ በሆነበት ጊዜ ማንበቢያዬን ያበላሽብኛል።

መጀመሪያ ከእህሉ ጋር ቀላቀልኩት። እህሉን አንድ በአንድ ለቀሙና ፔሌቱን እንዳለ ተዉት። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት፣ በጣም በሚርባቸው ሰዓት፣ ለየብቻ ሳህን ፔሌት ብቻ አስቀመጥኩ፣ እህሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይመጣል። ሎሚ እያነሳች ትፈጨው ጀመር። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ሳየው ግን ዱቄቱ በሙሉ ወለል ላይ ነው፤ ሰባብራዋለች እንጂ አልበላችውም። ለሁሉም መስበሩ በራሱ እርምጃ ነው፣ ምንቃሯ ውስጥ የገባው ጣዕም ነገ አዲስ አይሆንባትም።

የሠራልኝ ሌላ ነገር ነው። ላቭበርድ የመንጋ ወፍ ነው፣ ሌላው የሚበላውን ይበላል። ፔሌቱን ጠረጴዛ ላይ በሰፊ ዝርግ ትሪ በተንኩት፣ ከኬጅ አወጣኋቸው፣ እኔም በጣቴ ጫፍ እየጠቆምኩ እንደሚለቅም ሰው ተቀመጥኩ። ሎሚ መጣችና ጣቴ ሥር ያለውን ነጠቀች። የነጠቁት ነገር ደግሞ ይበላል። ዶቃ ከእሷ አፍ ለመውሰድ ተሟገተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ትሪው የግድ ሆነ።

በማግስቱ የሎሚ ኩስ ወደ ቡናማ አደላ። የፔሌት ምልክት ነው። እውነትም እየበላች ነው ማለት ነው። የዶቃው ግን እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው።

እሁድ፣ ቅጠል

የጎመን ቅጠል በደንብ አጠብኩ፣ ሳላደርቀው ውሃው እየተንጠባጠበ ኬጁ ጣሪያ ላይ በቁንጥጫ ሰቀልኩት። ሁለቱም መጀመሪያ ሸሹ። ከዚያ ዶቃ ተጠጋና ራሱን እርጥቡ ቅጠል ላይ ያሽ ጀመር፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ ላባውን አንጨባርሮ፣ ገላውን ታጠበበት። ቅጠል በእንዲህ ዓይነት መንገድ ከቤተሰቡ ጋር ሲተዋወቅ ማየት በጣም ደስ ይላል።

ሎሚ ደግሞ ቀደደችው። ከጠርዙ ጀምራ በምንቃሯ በረድፍ እየበሳች ቀጭን ረጅም ቁራጭ አወጣችና ከጭራዋ በላይ ባለው ላባ መሃል ሻጠችው። የሮዝ ፊት ሴቶች የጎጆ መሥሪያ የሚሸከሙት እንዲህ ነው። አልተበላም እንግዲህ። ግን ስትቀድ ጭማቂው ምላሷ ላይ ይቀራል፣ ቁራጩም አልፎ አልፎ ይዋጣል። ሰቅዬ ከመተው አልቦዘንኩም፣ እነሱም ቀስ በቀስ ጠርዙን መቆርጠም ያዙ።

ከአትክልት የምፈልገው በዋናነት ቫይታሚን ኤ የሚሆነውን ነው፤ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ቀይ ቃሪያ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች። ካሮቱን ፈቅፍቄ እሰጣለሁ፣ ስኳር ድንቹን ቀቅዬ። ቃሪያውን ከነፍሬው ለሁለት ሰንጥቄ ስሰቅለው ሎሚ ፍሬውን ቀድማ ጨረሰችው፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም። ፈዛዛው ሰላጣ ውሃ ነው ማለት ይቻላል፣ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። ስፒናች፣ ቆስጣና የቀይ ስር ቅጠል ጥሩ ናቸው ግን ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስላላቸው ካልሲየሙን ያስሩታል፣ እነሱን የማቀርበው አልፎ አልፎ ነው።

ቅጠል በብዛት ሲበሉ ኩሳቸው ዙሪያ ያለው ውሃ ይጨምራል። አትደንግጡ። የወፍ ኩስ ሦስት ነገር አለው፣ ቅርጽ ያለው ጥቅልል፣ ነጩ ክፍልና ጥርት ያለው ሽንት። ውሃው ብቻ ጨምሮ ጥቅልሉ ቅርጹን ከያዘ አትክልቱ ነው። ጥቅልሉ ራሱ ከፈሰሰ ወይም ነጩ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ከተለወጠ ግን ወደ ሐኪም ነው።

ረቡዕ፣ የዶቃ ክብደት

52 ነበር። ከዚያ 51፣ ከዚያ 50። ዛሬ ጠዋት 48።

ወረቀቱ ላይ ያለው ኩስ ትንንሽና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ይኼ በቂ ያልበላ ወፍ ኩስ ነው። ትሪው ላይ ከሎሚ ጎን ሆኖ ሲጮህ፣ ሲነጥቅና ሲሯሯጥ ላየው ሰው እየበላ ነው የሚመስለው። ጥንድ ወፍ ምግብ ሲቀየርለት አስቸጋሪው ይኼ ነው፤ አንዱ የሌላውን ረሃብ ይሸፍንለታል። ሳህኑ የጋራ ነው፣ ክብደቱ ግን የየራሳቸው ነው።

47 እስኪደርስ አልጠበቅኩም። እህሉን ጠዋትም ማታም መለስኩለት፣ ትሪውን ግን አላነሳሁም። ለመመገቢያ ሰዓት ብቻ በትንሽ ኬጅ ለየሁት፣ ሎሚ እንድትታየው አጠገቧ አድርጌ፣ እሱ ምን ያህል እንደቀመሰ ለማወቅ። ቀስ ብሎ ወደ 50 ተመለሰ። እስኪረጋጋ ድረስ ምንም አልቀይርም።

ሎሚ በበኩሏ 56 ናት። ለእሷ መቀነሱ ደግ ነው፣ በዝግታ እስከሆነ ድረስ።

ቅዳሜ፣ የበቀለ እህል

ለዶቃ ድልድይ የሚሆነው ነገር የሚወደውን እህል ራሱን ማብቀል መስሎ ታየኝ። የሚያውቀው ሽታ አለው፣ ግን ለስላሳና እርጥብ ነው፣ ቫይታሚኑም ይጨምራል።

ለመብቀል የሚሆን ንጹሕ፣ ኬሚካል ያልነካው እህል ያስፈልጋል። ማታ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ። ጠዋት በማጥለያ አጠብኩ፣ ውሃውን በደንብ አንጠፈጠፍኩ፣ ጥላ ውስጥ አኖርኩ። ከዚያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብና ማንጠፍጠፍ ነው። ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል ደርሷል፤ እስኪረዝም አልጠብቅም።

ዋናው ፈተና አፍንጫ ነው። የበቀለ እህል አዲስ አፈር አፈር ወይም ምንም አይሸትም። ኮምጠጥ ካለ፣ ካሟለጨ ወይም ሻጋታ ካያችሁበት ምንም ሳታቅማሙ ጣሉት። ባክቴሪያ በእርጥብና ሞቅ ያለ ነገር ላይ እንደ ልቡ ይራባልና። ኬጅ ውስጥ የገባውንም ከሁለት ሰዓት በላይ አላቆየውም። የተቀቀለና የተፈቀፈቀ አትክልትም ሕጉ ያው ነው።

ዶቃ ያለ ምንም ክርክር በላው። በሚቀጥሉት ቀናት በበቀለው እህል ላይ የተፈጨ ፔሌት በተንኩበት፤ እርጥብ ስለሆነ ዱቄቱ ይጣበቃል፣ ማራገፍ አይችልም። እንዲህ እንዲህ እያለ የፔሌት ጣዕም ለመደ። ኩሱ ቡናማ ያሳየበት ጠዋት ወረቀቱን አንስቼ ወደ መስኮት ጠጋ አድርጌ ደጋግሜ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ኬጁ ውስጥ የማይገቡ ነገሮች

ቤት ላሉት ሁሉ ብዬ የጻፍኩት ነው፣ እንግዳም እንዲያነበው። አቮካዶ በፍጹም፤ ውስጡ ያለው ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር የወፍን ልብ ይጎዳል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይ፣ አልኮል አይቀመስም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው ያለበት ማንኛውም ነገርም እንዲሁ። ፖም ይሰጣል፣ ፍሬው ግን ይወጣል፤ የኮክና የፕሪም ፍሬም እንደዚያው፣ ሲፈጩ ሳያናይድ ያወጣሉ። ደረቅ ቦሎቄ ጥሬውን መርዝ ነው፣ በደንብ ካልተቀቀለ አይቀርብም። ሻጋታ የነካው ለውዝና በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ የተጠራጠራችሁትን ሁሉ ጣሉ።

ምግብ ባይሆንም ይኼን ጨምሩበት፦ ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ሰው ላይሸተው ይችላል። እኛ መጥበሻዎቹን ቀየርን።

የቫይታሚን ጠብታ ውሃ ላይ መጨመርም አቁሙ እላለሁ። ፔሌት ውስጥ ቫይታሚኑ ተመጥኖ ገብቷል፤ ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። ውሃውም ጣዕሙ ይቀየርና መጠጣት ይቀንሳሉ፣ ባክቴሪያም ይፈላበታል። ንጹሕ ውሃ፣ በየቀኑ፣ በታጠበ ዕቃ። ይኸው ነው። ዕቃው አይዝጌ ብረት ቢሆን ይመረጣል፣ በዚንክ የተለበጠውን ሲነክሱት ይመረዛሉ።

ሎሚ ጥግ መውደድ ስትጀምር

ወረቀት እየቀደደች ከኬጁ ጥግ መደበቅ፣ ጀርባዋን ዝቅ ማድረግ፣ እጄን መንከስ። እንቁላል ልትጥል አስባለች። ምግብም እዚህ ውስጥ እጁ አለበት፤ ሞቅ ያለ ለስላሳ ምግብ፣ ብዙ ቅባትና ረጅም ብርሃን ሲገጣጠሙ የወፍ ሰውነት «የመራቢያው ወቅት ደርሷል» ብሎ ይረዳዋል። ስኳር ድንቹን ትቼ ጥሬ ቅጠል ብቻ አደረግኩ፣ የበቀለውን እህል ቀነስኩ፣ የሱፍ አበባውን ጨርሶ አነሳሁ፣ ብርሃኑን በቀን ወደ 10 ሰዓት አወረድኩ። የወረቀት ክምሯንም ከጥጉ አነሳሁ።

የካልሲየም ምንጭ ግን አይነሳም። ከትልፊሽ የሚባል የባሕር እንስሳ አጥንት ሁሌ ኬጁ ላይ ታስሯል። ካልሲየሙ እንዲዋጥ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፣ ፔሌቱ ይሰጣል፣ ፀሐይም ይሰጣል፤ የመስኮት መስታወት ግን የሚጠቅመውን ጨረር ያስቀረዋል። ስለዚህ አየሩ ደህና ሲሆን ኬጁን ወደ ውጭ አወጣለሁ፣ ግማሹን ጥላ አድርጌ፣ ከአጠገባቸው ሳልለይ። ሎሚ ተረጋጋች፣ አልጣለችም። ሆዷን ነፍታ፣ ላባዋን አንጨባርራ ወለል ላይ ተቀምጣ ስታምጥ ባገኛት ግን ነገ ይሻላት ይሆናል ብዬ አላሳድራትም፣ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ነው።

አሁን ያለንበት

ጠዋት ሚዛን። ከዚያ የየራሳቸው ፔሌት፣ ለእያንዳንዳቸው የሰውነታቸውን ክብደት አንድ አስረኛ ትንሽ የሚያልፍ። ረፋድ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ቅጠልና የተፈቀፈቀ አትክልት፣ ከሰዓት በፊት ይነሳል። ማታ እያንዳንዳቸው ግማሽ የሻይ ማንኪያ እህል፣ እሱም በሳህን ሳይሆን በተጨማደደ ወረቀት ውስጥ ተደብቆ፣ ፈልገው ሠርተው እንዲያገኙት። የሚሌት ዛላ የሚዛኑ ደሞዝ ብቻ ነው። ፍራፍሬ በሳምንት ሁለቴ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ቁራሽ።

ሎሚ 54 ላይ ቆማለች፣ ሐኪሟ የደረት አጥንቷን ሳትፈልግ አገኘችው። ዶቃ 51 ነው። አሁንም እህል መውደዱ ከእሷ ይብሳል፣ ይኼን ልለውጠው አልሞክርም። ላባ መቀየር ጀምሯል፣ አዲሱ ላባ እየወጣ ስለሆነ ትንሽ ፕሮቲን እጨምርለታለሁ፤ በደንብ የበሰለ የእንቁላል ቁራጭ በሳምንት አንዴ፣ ለሎሚ ሳላሳይ፣ ምክንያቱም እሷን ወደ ጥጉ ሊመልሳት ይችላል። ቀጥሎ የምሞክረው ብሮኮሊ ነው። ሚዛኑ በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ ላባ መቀየሩ እስኪያልቅ ሳምንት ውስጥ ሦስቴ ይሁን ተባብለናል፣ ከዚያ አንዴ።